የወንበሩ ኮት

ኮቱ ከተሰቀለበት የሚወርደው በምርጫ ማግስት ብቻ ነበር። ሌላውን ጊዜ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ብል እንዳይበላው ኪሱ ውስጥ ሳሙና ተደርጎለት፣ ከልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ጀርባ ተሰቅሎ ይኖራል። ጥቁር ሱፍ ነው። የማን ነው ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ የወንበሩ ነው። ከዚህ ምርጫ ክልል ተመርጦ ወደ ምክር ቤቱ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ ለመሐላው ቀን ይህንኑ ኮት በልኩ አሰፍቶ ይለብሳል፤ ምሎ ሲመለስም ያስረክባል።

ነገሩ የተጀመረው በልብስ ሰፊዋ አባት ዘመን ነው። ካርታ የሚያሰምሩት ሰዎች አገሩን ለምርጫ ሲከፋፍሉ ቆንጆ ቆንጆውን ወሰዱና የተረፈውን ምን እናድርገው አሉ። የተረፈው ከኮረብታው ላይ ያለው ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት የሠራተኞች ቤቶችና ከወንዙ ማዶ ያሉት መንደሮች ነበር። ሦስቱ አይዋደዱም፤ አብረው ምንም ሠርተው አያውቁም። ሆኖም አንድ ላይ ተሰፉና አንድ ወንበር ተሰጣቸው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩና፣ «ይሄ ምርጫ ክልል ሳይሆን ብጣሽ ነው፤ ሦስት ዓይነት ጨርቅ ገጣጥሞ ሱሪ ነው ማለት ነው» ብለው ሳቁ። ስሙ በዚያው ጸና። የሌላ ክልል ሰዎች እስከ ዛሬ «ብጣሾቹ» ይሏቸዋል።

የመጀመሪያው ተመራጭ ባለወፍጮው ነበር። ሰውየው ጫማው ድረስ ዱቄት ነው፤ ለመሐላም እንደዚያው ሊሄድ ተነሣ። ያን ጊዜ ሦስቱም ሰፈሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ በምክር ቤቱ ፊት እንዳያፍሩ። አዋጥተው ሱፍ ገዙ፤ አባቷ ሰፉት። በሚቀጥለው ምርጫ ባለወፍጮው ተሸነፈና ኮቱን ይዞ ቁጭ አለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ባለወፍጮው ግን በልቶም ቆጨው። ሴቶቹ ደጁ ድረስ ሄደው፣ «ኮቱ የተገዛው ለወንበሩ እንጂ ለአንተ አይደለም» ብለው ከላዩ ላይ አስወለቁት። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ።

ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ያለው ነበር፤ የሚሸጠውን ሁሉ ራሱ የሚውጠው ይመስል የከሳ። አባቷ ጎኑን ወደ ውስጥ አጠፉለት። ቀጥላ ርዕሰ መምህሯ መጣች፤ ቁልፉ ከቀኝ ወደ ግራ ዞረላት። ከእሷ በኋላ ሆዱ ቀድሞት የሚገባው ባለጭነት መኪና ተመረጠ፤ የታጠፈው ሁሉ ተተረተረ፣ ተለቀቀ፣ ሆዱም እንደምንም ገባ። ያን ኮት የሚተረትር ሰው የምርጫ ክልሉን ታሪክ ከውስጥ በኩል ያየዋል፤ የመርፌው ቀዳዳ፣ የክሩ ቀለም፣ ማን መጣ ማን ሄደ። አባቷ መቀሱን ለእሷ ሲያስረክቡ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከዚህ ኮት ጨርቅ አይቆረጥም። ይታጠፋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ማን ያውቃል?»

ልብስ ሰፊዋ ቃሉን ጠብቃለች። ማለትም እስካለፈው ምርጫ ድረስ።

አሁን ስለ ባሏ መናገር ግድ ነው። ሰፈሩ «ዘንድሮ» ይለዋል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ በሦስቱም ሰፈር ያልገባበት ግቢ፣ ያልጮኸበት ውሻ የለም። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ጠባብ በር ሲገባ ወደ ጎን ዞር ይላል። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት ቆጣሪያቸውን ሲያነብ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ቧንቧዬ ውሃ ከሰጠኝ ወራት አለፉ፤ ይሄ ነገር ግን ይሽከረከራል። ምኑን ነው የሚቆጥረው?» አሉት። አየር ነበር የሚቆጥረው። ማታ እራት አልበላ አለ። በዚያው ዓመት ለወንበሩ ተወዳደረ። ተሸነፈ። «ዘንድሮ ባይሳካ ለሚቀጥለው» አለ። በሚቀጥለውም «ዘንድሮስ አይቀርም» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ዘንድሮ ሆኖ ቀረ።

በየምርጫው ማግስት ጠዋት አሸናፊው ልክ ሊለካ ይመጣል። የሚመጣው ወደ ተሸናፊው ቤት ነው፤ ምክንያቱም ኮቱ ያለው፣ ልብስ ሰፊዋም ያለችው እዚያ ነው። በሩን የሚከፍተው ዘንድሮ ራሱ ነው። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ግባ፣ ግባ» ይላል፤ ወንበር ይስባል። እሷ እስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣ ባሏን ባሸነፈው ሰው ዙሪያ ተንበርክካ ትዞራለች። ዘንድሮ መስታወቱን ይይዛል። መስታወቱ ረጅምና ከባድ ነው፤ የራሱ ማቆሚያ የለውም። ያንን ትልቅ መስታወት አቅፎ፣ ከጀርባው ሆኖ፣ «ትከሻው ላይ ትንሽ ጎበጥ ብሏል» እያለ ይረዳታል። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ልቧ ይሰበር ነበር። ቆይቶ ተለመደ። የተለመደ ነገር ደግሞ ሲደጋገም ያደክማል እንጂ አያምም።

ያለፈው አሸናፊ ፎቶ ቤት ያለው ወጣት ነበር፤ ሰዉ «ቀጭኑ» ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም። መስታወቱ ፊት ቆሞ ጎኑን እየዳሰሰ፣ «እማማ፣ ይሄ እዚህ ጋ ያበጠው ምንድነው?» አላት። በእሱ ጎን ላይ ያበጠው ለባለጭነት መኪናው የተለቀቀው ጨርቅ ነበር፤ እንደገና ወደ ውስጥ ታጥፎ ተደራርቧል።

«አስተካክለዋለሁ» አለችው።

እነሱ ከወጡ በኋላ ኮቱን ገልብጣ ተቀመጠች። ጠዋት ነበር፤ ብርሃኑ ጥሩ ነበር፤ ዓይኔ ሳያይ ቀረ ብላ ማመካኘት አትችልም። የታጠፈውን ትርፍ በጣቷ ለካችው። ይህ ጨርቅ ለማን ነው የሚቀመጠው? በልቧ ለማን እንደነበረ ታውቃለች። ለዚያ ሰፊ ትከሻ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት አጥፋ አጥፋ ያኖረችው ለእሱ ነበር። ድንገት ድካም መጣባት። መቀሱን አነሣችና ከብብቱ እስከ ታች በሁለቱም ጎን ቆረጠችው። አላለቀሰችም። ቁራጩን አድቅቃ፣ ከሌላው ብጣሽ ጋር፣ የስፌት መኪናዋ በርጩማ ላይ ባለው ትራስ ውስጥ ሞጀረችው። እስከ ዛሬ ትቀመጥበታለች።

ቀጣዩ ምርጫ በደረሰበት ዓመት እንግዲህ ወሬው መጣ። ምርጫ ክልሉ ሊፈርስ ነው። አሁን ከሚመረጠው ሰው የሥራ ዘመን በኋላ ኮረብታው ወደ ላይ፣ የሠራተኞቹ ቤቶች ወደ ጎን፣ የወንዙ ማዶ ወደ ማዶ ይሰጣሉ ተባለ። የተሰፋው ሊተረተር ነው። ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ወሬውን እንደሰሙ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወደ ጎረቤት ክልሎች ነጎዱ። ሊፈርስ ላለ ቤት ማን ቀለም ይቀባል? ቀጭኑ ብቻ ቀረ። እና ዘንድሮ።

«ዘንድሮ እንኳ አርፈህ ተቀመጥ» አለችው። ጉልበቱ እምቢ ብሎት በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ሦስት ቤት አንኳኩቶ አራተኛው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው'ኮ።»

«ወንበሩ ራሱ ሊጠፋ ነው! ምን ልትቀመጥበት ነው?»

«ውሃው አልጠፋም። ማለቴ፣ አልመጣም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት። እጇ ትከሻው ላይ እንዳለ ሳታስበው ለካችው፤ የሙያ ነገር ነው፤ አሁንም ሰፊ ነው።  ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የገባባት። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲያሸንፍ ስትጸልይ የኖረች ሴት፣ አሁን እንዲሸነፍ መመኘት ጀመረች። ቢያሸንፍ ኮቱን ያደርጋል። ቢያደርግ አይበቃውም። ኮቱ ቢተረተር ውስጡ ባዶ ነው። ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ደግሞ ያየውን ነገር ማንበብ አይጠፋውም፤ ሚስቴ ለእኔ ቦታ አላስቀረችም፣ ተስፋ ቆርጣብኛለች ብሎ ያነበዋል። ትክክልም ነው። እውነት መሆኑ ነው የከፋው።

የምርጫው ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰልፉ አጭር ነበር። ወጣቶቹ አልመጡም፤ የሚጠፋ ነገር ለመምረጥ ማን ፀሐይ ላይ ይቆማል። የመጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ዘንድሮ ግቢያቸው ገብቶ ቆጣሪያቸውን ያነበበላቸው ሰዎች ነበሩ። ዳቦ ቤት ያላት ጎረቤቷ ከኋላዋ ቆማ ጆሮዋ ላይ አጎነበሰች።

«አንቺዬ፣ ልንገርሽ? ዘንድሮ ለሰውዬሽ ነው የምሰጠው።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜማ ድምፄ እንዳይባክን ብዬ...» ዳቦ ጋጋሪዋ አፈረች። «አሁን ግን አንጀቴን በላኝ። ያው እሱ እንደሆነ አያሸንፍም። ባዶ እጁን ከሚቀር አንድ ሰው እንኳ ይስጠው አልኩ።»

ከፊት የቆሙት ሽማግሌ ዞር አሉ። «እኔም እንደዚያው አስቤያለሁ» አሉ። «ያው አያሸንፍም።»

የልብስ ሰፊዋ ተራ ደረሰ። መጋረጃው ውስጥ ስትገባ ወረቀቱን ዘረጋች። ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው። ለቀጭኑ ብትሰጥ ማንም አያያትም፤ ምናልባትም ምስጢሯ ተሸፍኖ ይቀራል። ብዕሩን ይዛ ቆመች። ከውጭ አስመራጩ «እናቴ፣ ደህና ኖት?» እስኪል ድረስ ቆመች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው በባሏ ስም ላይ ምልክት አደረገች። እጇ ሌላ ነገር አልለመደም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ዘንድሮ አሸንፎ ነበር።

 ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ የሠራው ስህተት ቀስ እያለ ገባው። ለካ ሁሉም ሰው ብቻውን አዝኖ ኖሯል። እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነበር የሰጠው። «ታዲያ አንተም?» «አንቺም?» ይባባሉ ጀመር። ቀጥሎ አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ ቀጭኑ ራሱ እየሳቀ መጥቶ ዘንድሮን አቀፈው። ዘንድሮ ግን አልሳቀም። ከዘራውን ተደግፎ፣ ሰው ሌላ ሰው መስሎት ሰላም ያለው ይመስል ግራ ገብቶት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የቀረውን አልሰማችም። ቤቷ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ ቆሞ ነበር፤ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቷል።

«ልክ ልለካ ነው የመጣሁት» አለ። ቀጥሎ ወደ ውስጥ አየና፣ «መስታወት የሚይዝልኝ የለም እንዴ? እዚህ ቤት አንድ ሰውዬ አለ ብለውኝ ነበር።»

ቀልዱ ገብቷታል፤ መሳቅ ግን አቃታት። መስታወቱን ከግድግዳው ጋር አቆመችው። አንሶላውን ፈታች። ኮቱን ከኋላ ያዘችለት፤ አንድ እጁን አገባ፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ ቀረ። ገፋ አደረገ። ጀርባው ላይ ስፌቱ ሲጮህ ሁለቱም ሰሙት። ከፊት በኩል ቁልፉና ቀዳዳው በማዶና በማዶ ሆነው ተያዩ።

«ገና ነው» አለ ዘንድሮ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ። «ጎኑን ልቀቂዋ። ለባለጭነት መኪናው እንኳ ለቀሽለት የለ?»

«የለም።»

«ምኑ?»

«የሚለቀቅ ነገር የለም። ትርፉን ቆርጬዋለሁ።»

በመስታወቱ ውስጥ አያት። «መቼ?»

«ባለፈው ጊዜ።»

«ለልጁ ብለሽ?»

አዎ ማለት ትችል ነበር። ቀጭኑ ጎኔ አበጠ አለኝ ብትል ውሸት አይደለም። «አይደለም» አለች። «ደክሞኝ ነው። አንተ መቼም አትለብሰውም ብዬ ነው። አልዋሽህም፤ ተስፋ ቆርጬ ነው።» በከንፈሯ የነከሰችውን እስፒል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ዘንድሮ ኮቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። አጠፈው። የሚቀመጥበት ፈልጎ የስፌት መኪናዋ በርጩማ ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ ተቀመጠ።  ከውጭ ሕፃናት «ዘንድሮ! ዘንድሮ!» እያሉ በአጥሩ ሥር ሮጠው አለፉ።

«ትናንት ድምፄን ለማን እንደሰጠሁ ታውቂያለሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ለማን ትሰጣለህ?»

«ለልጁ።»

አፏን ከፍታ ቀረች።

«እኔም ደክሞኛል» አለ ዘንድሮ። «ውስጥ ገብቼ ስሜን ሳየው ታከተኝ። አንዴ ደህና አድርጌ ልሸነፍና ሰዎቹ ይተውኝ፣ አንቺም እረፊ አልኩ። ከአንቺ ሌላ አቁም ብሎ የሚለምነኝ ሰው አልነበረም'ኮ፤ አንቺን ደግሞ ሰምቼ አላውቅም።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲህ ሁለታችንም ያልመረጥነው ሰው ተመርጧል።»

«እኔስ መርጬሃለሁ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥታ። «ቆርጬም መርጬሃለሁ!»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ሳቅ አምጥቷል። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያስቻለው ድካሙ ይመስላታል።

አዲስ ጨርቅ እገዛለሁ አለችው፤ እምቢ አለ። የወንበሩ ኮት ካልሆነ በሸሚዝ እሄዳለሁ አለ። በማግስቱ ከሥራ ቦታው ሲሰናበት የቀረችለትን ሰማያዊ ቱታ አጥቦ፣ አድርቆ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አኖረላት። የቱታዋ ክርንና ጉልበት ሳስቷል፤ ጀርባዋ ግን ደህና ነው።

«ቀለሙ!» አለች።

«ከብብት በታች ነው የምታስገቢው። ማን ያየዋል?»

«ስትምል እጅህን ታነሣለህ።»

«ትንሽ ነው የማነሣው። እስከ ጆሮዬ።»

«ማል።»

«ገና ምን ተሾምኩና» አለ።

ሁለቱን ጎን ተርትራ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ሰማያዊ ጨርቅ አስገባችበት። ገበሩንም አደሰች። የአባቷን ክር፣ የራሷን ክር፣ የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ፣ የርዕሰ መምህሯን ቀዳዳዎች እያለፈች ሰፋች። ከዚህ በኋላ ይህን ኮት የሚለብስ ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ ክልሉ ሲፈርስ ኮቱም ሥራ ይፈታል። ሆኖም ከሰማያዊው ጠርዝ ትርፉን አልቆረጠችም። ወደ ውስጥ አጠፈችው።

የመሐላው ቀን ዳቦ ቤቱ ሥራ አቁሞ ሰዉ እዚያው ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊዋ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። አዳራሹ ትልቅ ነበር፤ ተመራጮቹ በረድፍ ቆመዋል። ዘንድሮን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ እሱ ያለበት ረድፍ ጠቦታል። ኮቱ ተቆልፏል። ትከሻው ላይ እጥፋት የለበትም።

«ቀኝ እጃችሁን አንሡ» አለ አፈ ጉባኤው።

ሁሉም አነሡ። ሌሎቹ ክርናቸውን አጠፍ አድርገው፣ እጃቸውን ከትከሻቸው ብዙም ሳያሳልፉ ነው። ዘንድሮ ግን እጁን እስከ ላይ፣ ኮርኒሱን ሊነካ የፈለገ ይመስል ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። ያ ሰማያዊ ጨርቅ፣ በጥቁሩ ሱፍ መሐል፣ ከብብቱ እስከ ወገቡ ወለል ብሎ ታየ።

«ውይ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ያ ሰማያዊው ምንድነው? ጨርቅ አልቆብሽ ነው?»

«አዎ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አልቆብኝ ነው።»

መሐላው አለቀ። ሌሎቹ እጃቸውን አወረዱ፤ ወንበር ተንኳኳ፤ ሰዎች መቀመጥ ጀመሩ። ዘንድሮ እጁን አላወረደም። ከአጠገቡ ያለው ሰው ጎሸም አደረገው። አላወረደም። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እሷ እዚህ ሆና ይታያታል። ፊቱን ወደ ካሜራው አዞረ።

ልብስ ሰፊዋ ከጆንያው ላይ ተነሣች። ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዳ መዳፏን መስታወቱ ላይ፣ ሰማያዊው ላይ አኖረች።

«አየሁት» አለችው። «አየሁት፣ አውርደው እንግዲህ። ይደክምሃል።»